ምዕራፍ 5፦ አንድ ክብደት፣ ሁለት ቁጥር

አንድ ኩንታል ጤፍ እህል በረንዳ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ 100 ነው። ያው ጆንያ አንዲት ፍሬ ሳትጎድልበት ፓውንድ በሚቆጥር የአሜሪካ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ 220.46 ይላል። የቡና ነጋዴ በፈረሱላ ቢያሰላው ደግሞ ስድስት እንኳ አይሞላም፤ 5.88 ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ጆንያ ነው።

በምዕራፍ 3 ጫማና ሜትርን፣ በምዕራፍ 4 ሴልሺየስና ፋራናይትን ስናይ፣ ዓለም ለአንድ ነገር ሁለት መለኪያ ይዞ የቀረበትን ምክንያት በሰፊው ስላነሣን እዚህ አልደግመውም። በዚህ ምዕራፍ የምፈልገው አንዲት ሐሳብ ይዤ እሷኑ ከተለያየ አቅጣጫ ማየት ነው፦ የክብደት ቁጥር ከመለኪያው ስም ከተለየ ምንም አይናገርም። ተማሪ ሳለን ከመልሱ ጎን «ኪ.ግ» ሳንጽፍ ስንቀር መምህራን ነጥብ የሚቀንሱብን ለዚህ ነበር። ብዙዎቻችን ግን ነገሩን የአጻጻፍ ጉዳይ አድርገን አልፈነዋል። የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ወደ ታች የማወራው የአውሮፕላን ታሪክ ያሳያል።

በማን ሰዓት?

ለአንድ ነገር ሁለት ቁጥር መኖሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ያለች እኅት ዋሽንግተን ላለ ወንድሟ «ነገ በሁለት ሰዓት እደውልልሃለሁ» ብትለው፣ እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በማን ሰዓት?» ብሎ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 8:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑን ያላወቀ መንገደኛም ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ሻንጣውን እየጎተተ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ትኬቱ አልተሳሳተም፣ ሰውየውም ማንበብ ያውቃል። የጎደለው «በማን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለ ክብደትም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። ሆኖም ሰዓትና ክብደት እስከ መጨረሻው አብረው አይሄዱም፤ የሚለያዩበትን ቦታ ማየት ለተከታዩ ሁሉ መሠረት ነው። የእኛና የፈረንጁ ሰዓት እኩል ይራመዳሉ፤ የሚለያየው መነሻቸው ነው። ስለዚህ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ይበቃል። ክብደት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ባዶ ሚዛን በኪሎም በፓውንድም ዜሮ ነው። መነሻው አንድ ሆኖ የሚለያየው የእርምጃው ርዝመት ነው። ስለዚህ ክብደት ሲቀየር የሚደመርም የሚቀነስም የለም፤ ማባዛት ወይም ማካፈል ብቻ ነው። ባለፈው ምዕራፍ ያስቸገረን ሙቀት ሁለቱንም ይጠይቅ ነበር፤ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ በአንዱ 0፣ በሌላው 32 ስለሆነ መነሻውም እርምጃውም ይለያያል። ከሦስቱ ቀላሉ ክብደት ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ ካልኩሌተር ከመነካቱ በፊት መታወስ ያለበትም እሱ ነው። መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የአንድ ዕቃ ክብደት በፓውንድ ሲነገር ቁጥሩ ምንጊዜም በኪሎ ከሚነገረው ከእጥፍ ይበልጣል። ስሌት ሠርተው ከፓውንድ ወደ ኪሎ ሲሄዱ ቁጥሩ ከጨመረ፣ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልግ አቅጣጫው ተገልብጧል ማለት ነው።

ፓውንድ የሚለካው በኪሎ ነው

ብዙ ሰው ኪሎና ፓውንድ በሁለት ካዝና የተቀመጡ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት መመዘኛዎች ይመስሉታል። በአንድ ዘመን እንዲያ ነበር። የእንግሊዝ ሕጋዊ ፓውንድ ለንደን ፓርላማ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ መመዘኛ ቁራጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1834 ሕንፃው ሲቃጠል እሱም አብሮ ጠፋ፣ ሌላ ከፕላቲነም መሥራት ግድ ሆነ። አገሮች እንዲህ በአንዲት ቁራጭ ተማምነው ይነግዱ ነበር።

ዛሬ ግን የፓውንድ የራሱ ቁራጭ የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1893 ፓውንዷን በኪሎ ተርጉማ አስቀመጠች። በ1959 ደግሞ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተስማምተው አንድ ፓውንድ ልክ 0.45359237 ኪሎግራም ይሁን አሉ። ይህ ቁጥር ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ የተወሰነ ነው። ከ7 በኋላ የሚቀጥል ድብቅ አሐዝ የለውም። ኪሎው ራሱ ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ላይ የሚጠበቅ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቁራጭ ነበር፤ ከሜይ 20 ቀን 2019 ወዲህ ፕላንክ ከሚባለው የፊዚክስ ቋሚ ቁጥር ጋር ታስሯል። ኪሎው እንዲህ ሲታደስ ፓውንዱም አብሮ ታደሰ። በቴክሳስ ገበያ ሥጋ በፓውንድ የሚመዝነው ሰው ሳያውቀው የሚመዝነው በኪሎ ነው።

ለዕለት ሥራ 0.4536 ይበቃል። ተገልብጦ ሲነበብ 2.2046 ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ግን እንዲሁ መሸምደድ አደገኛ ነው፤ ሙሉ ንባባቸው መያዝ አለበት። አንዱ «በአንድ ፓውንድ ውስጥ 0.4536 ኪሎ አለ» ይላል፣ ሌላው «በአንድ ኪሎ ውስጥ 2.2046 ፓውንድ አለ» ይላል። ስሙ የተቆረጠ ማባዣ ምን እንደሚያደርስ ካናዳ ላይ ታይቷል።

«1.77» ምን?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ በረራ 143 ከሞንትሪያል ተነሥቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ሊሄድ ተዘጋጀ። አውሮፕላኑ አዲስ ቦይንግ 767 ነው። ካናዳ ያን ጊዜ ወደ ሜትሪክ እየተሻገረች ነበር፤ በአየር መንገዱ ነዳጅ በኪሎ እንዲሰላ የተደረገውም ከነዚህ አዳዲስ 767ቶች ጀምሮ ነው። በቀሩት አውሮፕላኖች ግን ሠራተኛው የለመደው ፓውንድ ነው።

በዚያ ቀን የነዳጅ ማሳያው ተበላሽቶ ነበር፣ ስለዚህ ነዳጁ በእጅ መለካትና በወረቀት መሰላት ነበረበት። በዘንግ ሲለካ ታንኮቹ ውስጥ 7,682 ሊትር ተገኘ። ለጉዞው የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ ያስብ፦ አንደኛው ቁጥር በሊትር ነው፣ ሌላው በኪሎ። ከሊትር ወደ ክብደት ለመሻገር አንድ ሊትር ነዳጅ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚናገር ማባዣ ያስፈልጋል። ሠራተኞቹና አብራሪዎቹ የያዙት ማባዣ 1.77 ነበር።

አባዙ። 7,682 በ1.77 ሲባዛ 13,597 ሆነ። ይህን ከ22,300 ቀነሱ፣ 8,703 ቀረ። እሱን መልሰው ለ1.77 አካፈሉት፣ 4,916 ሊትር መጨመር እንዳለበት ወጣ፤ ተጨመረም። በሒሳቡ ውስጥ አንድም የማባዛት፣ የመቀነስ ወይም የማካፈል ስህተት የለም። መምህር ቢያርመው እያንዳንዱ መስመር ላይ «ትክክል» ይላል።

አሁን ስሞቹን እንመልስላቸው። 1.77 አንድ ሊትር ነዳጅ በፓውንድ የሚመዝነው ነው። በኪሎ የሚመዝነው 0.803 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ውጤት 13,597 ፓውንድ ነበር። ሁለተኛው መስመር ከ22,300 ኪሎ ላይ 13,597 ፓውንድ ቀነሰ። ስሞቹ ተጽፈው ቢሆን ኖሮ እርሳሱ እዚህ ይቆም ነበር፤ ከኩንታል ላይ ፈረሱላ እንዲሁ አይቀነስም። በትክክል ቢሰላ ታንኩ ውስጥ የነበረው 6,169 ኪሎ ያህል ነው፣ መጨመር የነበረበትም 20,000 ሊትር ገደማ። የተጨመረው የዚያ አንድ አራተኛ ነው። አውሮፕላኑ የተነሣው በ22,300 ፓውንድ ነዳጅ ነው፤ ይኸም ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞላም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኦታዋ ላይ የሆነው ነው። አብራሪዎቹ ነዳጁ እንደገና እንዲለካ አደረጉ። ተለካ፣ ተባዛ፣ ልክ መጣ፤ ምክንያቱም የተባዛው በዚያው በ1.77 ነው። አንድን ስሌት በዚያው መሣሪያ ደግሞ መሥራት ማረጋገጫ ይመስላል እንጂ አይደለም። በሁለተኛው ጊዜ መጠየቅ የነበረበት «ስንት?» ሳይሆን «የምን?» ነበር።

ከምድር 41,000 ጫማ፣ ማለትም 12,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሳሉ የነዳጅ ግፊት ማስጠንቀቂያ ጮኸ። አንዱ ሞተር ቆመ፣ ቀጥሎ ሌላው። ዋናው አብራሪ ሮበርት ፒርሰን በትርፍ ጊዜው ሞተር አልባ ተንሸራታች አውሮፕላን የሚያበር ሰው ነበር፤ ረዳቱ ሞሪስ ካንታል ደግሞ በአየር ኃይል ያገለገለበትን፣ ጊምሊ የሚባል የተዘጋ ጦር ሠፈር ያውቅ ነበር። ዊኒፔግ ድረስ መንሸራተት እንደማይችሉ ሲረዱ ወደዚያ ዞሩ። የድሮው መንደርደሪያ የመኪና እሽቅድምድም ቦታ ሆኗል፤ በዚያ ቀንም ሰው ተሰብስቦበታል። ፒርሰን አውሮፕላኑን ወደ ጎን አዘንብሎ ከፍታውንና ፍጥነቱን ቀነሰና አሳረፈው። የፊት ጎማው ስላልተቆለፈ አፍንጫው አስፋልቱን እየፋቀ ቆመ። 61 መንገደኞችና 8 ሠራተኞች በሕይወት ወጡ። አውሮፕላኑም ተጠግኖ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ አገልግሏል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው የአሠራር ልማድ አለ፤ መሐንዲሶችና ፋርማሲስቶች ሁልጊዜ የሚጠቀሙበት ነው። ስሞቹን እንደ ቁጥር አባዙ፣ አካፍሉ። 50 ፓውንድን ወደ ኪሎ ለመቀየር «50 ፓውንድ ሲባዛ በ0.4536 ኪሎ ለፓውንድ» ብለው ይጻፉ። ላይ ያለው ፓውንድ ከታች ካለው ፓውንድ ጋር ይጣፋል፣ ኪሎ ብቻ ይቀራል፣ መልሱ 22.68 ኪሎ ነው። በስህተት በ2.2046 ቢያባዙ የሚቀረው ስም «ፓውንድ በፓውንድ ለኪሎ» ይሆናል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚባል ነገር ስለሌለ ወረቀቱ ራሱ ስህተቱን ይናገራል።

ሃያ ሁለት የምትመዝን ልጅ

ይኸው ስህተት በአነስተኛ መጠን በሕክምና ቤትም ይደርሳል። የልጆች መድኃኒት የሚታዘዘው በአብዛኛው በክብደት ነው። ለምሳሌ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰላል። አሜሪካ የምትኖር እናት ሕፃኗን ቤት መዝና «22 ናት» ብትል፣ ሚዛኗ ፓውንድ ነውና ልጅቷ 10 ኪሎ ገደማ ናት፤ በ15 ሲሰላ 150 ሚሊግራም ይደርሳታል። ያው 22 ኪሎ ተብሎ ከተመዘገበ ግን 330 ይሆናል። 22 ኪሎ የሚመዝን የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ስላለ ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ ማንንም አያስደነግጥም። በመድኃኒት ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሕሙማን ክብደት በኪሎ ብቻ ይመዝገብ፣ ሚዛኑም ኪሎ ብቻ ያሳይ የሚሉት ለዚህ ነው። እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ሰው ሲደክመው ስም ይዘላል፣ ሚዛን ግን አይደክመውም።

በቃል ማስላት

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት፣ ከአገር ቤትም በርበሬና ሽሮ ይዞ ወደ አሜሪካ የሚመላለስ ሁሉ 23 ኪሎ የሚባለውን የሻንጣ ገደብ ያውቀዋል። ቤት ያለው ሚዛን ግን ፓውንድ ነው። ካልኩሌተር ሳይፈልጉ እንዲህ ያድርጉ፦ ኪሎውን እጥፍ ያድርጉና የእጥፉን አንድ አሥረኛ ይጨምሩበት። 23 እጥፉ 46፣ አሥረኛው 4.6፣ ድምሩ 50.6 ፓውንድ። ትክክለኛው 50.7 ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች «50 ፓውንድ» ብለው የሚጽፉት ይህንኑ ገደብ ነው። ለመመለስ ደግሞ ፓውንዱን ለሁለት ይክፈሉና ከግማሹ ላይ አንድ አሥረኛ ይቀንሱ፤ 50 ግማሹ 25፣ አሥረኛው 2.5፣ ቀሪው 22.5።

ይህ ዘዴ ለሻንጣ በጣም ይበቃል፣ ለአንድ ኩንታልም ግማሽ ፓውንድ አያሳስትም። 400 ኩንታል ለጫነ መኪና ግን ልዩነቱ 185 ፓውንድ ይሆናል፤ ይኸም የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ነው። ማጠጋጋት የሚፈቀደው የሚጠፋው መጠን ለባለቤቱ ምንም ካልሆነ ብቻ ነው። ከኪሎና ከፓውንድ ሌላም መለኪያ ያጋጥማል። ለንደን ያሉ ወገኖቻችን የሰውነት ክብደት «ስቶን» በሚባል መለኪያ ሲነገር ይሰማሉ፤ አንድ ስቶን 14 ፓውንድ፣ 6.35 ኪሎ ነው። ቶን ሲባልም መጠየቅ አለበት፤ የአሜሪካው 907 ኪሎ፣ የድሮው የእንግሊዝ 1,016 ኪሎ፣ የእኛ 1,000 ኪሎ ነው።

ዋጋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል

እስካሁን ያየነው ክብደት ነው። ዋጋ ሲመጣ ግን ብልህ ሰውም ይሰናከላል፤ ቡና ጥሩ ምሳሌ ነው። የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ የሚጠራው በአሜሪካ ሳንቲም ለአንድ ፓውንድ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ ዋጋ በፈረሱላ ይጠራል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ለስሌት እንዲመች የኒው ዮርኩ ዋጋ 200 ሳንቲም፣ ማለትም 2 ዶላር ነው እንበል። የአንድ ኪሎ ስንት ነው?

እጅ ወዲያው የሚሄደው «ከፓውንድ ወደ ኪሎ» ወደሚለው 0.4536 ነው። ውጤቱ 91 ሳንቲም ይሆናል፤ ስህተት ነው። ኪሎ ከፓውንድ ይበልጣል፣ ስለዚህ ዋጋውም መብለጥ አለበት። እዚህ ፓውንድ የተቀመጠው «ለአንድ» ከሚለው ቃል በኋላ፣ ማለትም ከታች ነው፤ ከታች ያለ ስም ደግሞ የሚጣፋው ላይ ፓውንድ ባለው ማባዣ ነው። 2 ዶላር ለፓውንድ ሲባዛ በ2.2046 ፓውንድ ለኪሎ፣ 4.41 ዶላር ለኪሎ። በ17 ሲባዛ 74.96 ዶላር ለፈረሱላ። አቅጣጫውን የሳተው ሰው ግን የሚያገኘው 15.42 ዶላር ነው። ልብ በሉ፦ ስህተቱ በ2.2 እጥፍ አልቆመም፤ መባዛት በነበረበት ቦታ ስለተካፈለ በ2.2 ሁለት ጊዜ ሳተ፣ ወደ አምስት እጥፍ ተጠጋ። አቅጣጫን መሳት መቀየርን ከመርሳት የባሰ ነው።

አንድ ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ኒው ዮርክ ላይ ዋጋው በአንድ ሳንቲም ሲወርድ አንድ ፈረሱላ 37 ተኩል ያህል የአሜሪካ ሳንቲም ያጣል። የኒው ዮርኩ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ቡና ነው፤ ወደ ኪሎ ሲቀየር 17,010 ገደማ፣ በፈረሱላ ሲሰላ 1,000.6 ይሆናል። በአጋጣሚ አንድ ውል አንድ ሺህ ፈረሱላ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ዘርፍ ለሚሠራ ሰው ይህች ግጥምጥሞሽ ትልቅ ስጦታ ናት፤ የፈረንጁን ውል በአእምሮው ወደ እኛ ሚዛን ያለ ካልኩሌተር ያመጣዋል።

ሁለቱ አውንሶች

እስካሁን «ፓውንድ» ከተባልን በኋላ መልሱ አንድ ነበር። አውንስ ላይ ግን ስሙን መጠየቅም አይበቃም። የወጥ ቤት አውንስ 28.35 ግራም ነው፤ 16ቱ አንድ ፓውንድ ይሞላሉ። ወርቅና ብር የሚመዘኑበት፣ ትሮይ የሚባለው አውንስ 31.1035 ግራም ነው። የእሱ ፓውንድ ደግሞ 12 አውንስ ብቻ ስለሆነ 373 ግራም ነው። ስለዚህ የወርቅ አውንስ ከወጥ ቤቱ ይከብዳል፣ የወርቅ ፓውንድ ግን ከወጥ ቤቱ ይቀላል። የእኛው የድሮ ወቄት በማሪያ ቴሬዛ ብር ሲመዘን 28 ግራም ገደማ ነበር፤ ከወርቁ አውንስ ይልቅ ለወጥ ቤቱ ይቀርባል።

በዓለም ገበያ የሚሰማው የወርቅ ዋጋ የትሮይ አውንስ ነው፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚነገረው ደግሞ የግራም። አንድ አውንስ 3,110 ዶላር ቢሆን፣ ለ31.1035 ሲካፈል ግራሙ 100 ዶላር ይደርሳል። በ28.35 ያካፈለ ሰው 110 ዶላር ገደማ ነው ብሎ ይከራከራል። 10 አውንስ ወርቅ ገዝቶ በወጥ ቤት አውንስ የሚረከብ ሰው 27.5 ግራም ይጎድልበታል።

ሦስተኛም አውንስ አለ፤ በለስላሳና በዘይት ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ፈሳሽ አውንስ። እሱ ጭራሽ ክብደት አይደለም፤ የሚለካው ይዘት ነው። የአሜሪካው 29.57 ሚሊሊትር፣ የእንግሊዙ 28.41 ሚሊሊትር ይይዛል። እኩል ፈሳሽ አውንስ የሆኑ አንድ ጠርሙስ ማርና አንድ ጠርሙስ ዘይት ሚዛን ላይ ቢወጡ ማሩ በብዙ ይከብዳል። ከይዘት ወደ ክብደት የሚያሻግረው ቁጥር ጥግግት ይባላል፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ እሱ ነው።